ለሚያዳምጥ ሰው

የግሩፓችን ስም «አሁን የማዳምጠው» ይባላል። ስሙን ያወጡት መሥራቹ ጋሽ ሸክላ ናቸው፤ ሕጉንም እንደዚያው። ሕጉ አጭር ነው። አንድ አባል ክላሲካል ሙዚቃ ሲያዳምጥ የቅጂውን ሽፋን ፎቶ አንስቶ ከድምፁ ጋር ይለጥፋል፤ ማን እንደተጫወተውና በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተቀዳ ይጽፋል፤ ከዚያ ስለሰማው ነገር ሁለት ሦስት መስመር ያክላል። ሌላው አባል ደግሞ አንብቦ ይቀናል። ይህ የመጨረሻው በሕጉ ላይ አልተጻፈም፤ ሳይዛነፍ የሚከበረው ግን እሱ ብቻ ነው።

አሥራ ዘጠኝ ነን። በአንድ ከተማ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ሰው እንዲህ ዓይነት ሙዚቃ ይሰማል ብትሉኝ ድሮ አላምንም ነበር፤ አሁንም አላምንም። የቆዳ ሐኪሙ በቀን አራት ሲምፎኒ ይለጥፋል። አንዱ ሲምፎኒ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። እሱ ደግሞ በቀን አርባ በሽተኛ ያያል። ወይ ሲምፎኒዎቹን አይሰማም፣ ወይ በሽተኞቹን፤ ለበሽተኞቹ ስል የመጀመሪያው እንዲሆን እመኛለሁ። ጠበቃው በበኩሉ ሌላ ሰው እስኪጽፍ ይጠብቅና «ከላይ በተሰጠው አስተያየት ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ» ይላል። በሦስት ዓመት ውስጥ ከማንም ጋር በሐሳብ ተለያይቶ አያውቅም። ችሎት ፊትም እንዲሁ ከሆነ ደንበኞቹ አሁን የት እንዳሉ መገመት አያዳግትም። አንዲት የአውቶቡስ ሾፌርም አለችን። እሷ በሦስት ዓመት የለጠፈችው ስድስት ጊዜ ብቻ ነው። እኛ፣ የሠለጠንነው፣ አንጀታችንን ትበላን ነበር።

እኔ ጥርስ ሠራተኛ ነኝ። ሐኪም አይደለሁም። ሐኪሙ ፊት ለፊት ባለው ሰፊ ክፍል የሰው አፍ ለክቶ ይልክልኛል፤ እኔ ጓሮ ባለችው ጠባብ ክፍል በጄሶና በሰም ጥርስ አበጃለሁ። እኔ ባበጀሁት ጥርስ የሚያኝክ ሰው በዚህ ከተማ ብዙ ነው፤ አንዱም መልኬን አያውቀውም። መንገድ ላይ ሰው ሲስቅ አይቼ የራሴን ሥራ እለያለሁ፤ ሰውየው ግን ምን አፍጦ ያየኛል ብሎ ፊቱን ያዞራል።

ጋሽ ሸክላን ያወቅኳቸውም በዚሁ ነው። የታችኛው ጥርሳቸው አልገጥም ብሎ ሐኪሙ ወደ እኔ ክፍል ይዟቸው ገባ። ስልኬ ላይ አንድ የቫዮሊን ኮንሰርቶ ተከፍቶ ነበር። ሽማግሌው ጥርስ በሌለው አፋቸው «ማን ነው የሚመራው?» አሉኝ። እኔ «ምኑን?» አልኩ። እንደዚያ ተዋወቅን። ለካ አርባ ዓመት ሙሉ በአንድ የራዲዮ ጣቢያ የሸክላ ክፍል ኃላፊ ሆነው ኖረዋል። ጥርሱን አስተካክዬ ከሰጠኋቸው በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታቸው እየጠሩኝ፣ አንዱን ሙዚቃ በአራት ሰው አጨዋወት እያስደመጡኝ፣ ጆሮዬን ከፈቱልኝ። ከዚያ እኔ ራሴ ግሩፕ እንክፈት አልኳቸው፤ ተከፈተ። ግሩፑ ከተከፈተ ወዲህ ቤታቸው መሄድ ቀረ። በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላለ ሦስት ፎቅ ደረጃ ምን ያስወጣል?

ባለፈው ወር ጋሽ ሸክላ እንዲህ ብለው ጻፉ፦

«ልጄ ዘንድ ልገባ ነው። የሰጠችኝ ክፍል አልጋና ወንበር ትይዛለች፤ ሸክላዎቹን አትይዝም። አልሸጣቸውም። ለሚያዳምጥ ሰው እሰጣቸዋለሁ። ለአንድ ሰው።»

አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሸክላ ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ በግሩፓችን የደረሰውን የማዳመጥ ወረርሽኝ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። የቆዳ ሐኪሙ ከአራት ወደ ሰባት ሲምፎኒ አደገ። ኦፔራ ከነሙሉ አምስት ክፍሉ በምሳ ሰዓት ሰምቶ የጨረሰ ሰው ተገኘ። አንዱማ ከአጎቱ ቀብር መልስ ነኝ ብሎ «ለዚህ ቀን የሚስማማ» የሚል ቃል አክሎ የሐዘን ሙዚቃ ለጠፈ፤ የለጠፈበት ሰዓት ሲታይ ግን ሟቹ ገና ከቤት አልወጡም ነበር። ጠበቃው መስማማት በመስማማት ሆነ።

እኔስ? እኔማ ፈለግኳቸው። አልዋሽም፣ ሸክላዎቹን እንደ ሕፃን ልጅ ፈለግኳቸው። ለሸክላዎቹም ብቻ አይደለም። ከአሥራ ዘጠኝ ሰው መካከል አንድ የሚያውቅ ሰው ተነሥቶ «ይሄኛው ይሰማል» እንዲልልኝ ፈለግኩ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ እስካሁን ማንም ስለ እኔ እንዲህ ያለ ነገር ብሎ አያውቅም። የሳሎናችንን መደርደሪያ ባዶ አደረግኩት። ባለቤቴ የኬሚስትሪ መምህርት ናት፤ ወገቧን ይዛ አየችኝና፣

«አሥራ ሦስት መቶ ሸክላ? እሺ፣ ከእኔና ከአንተ ማናችን ነን የምንወጣው?» አለችኝ።

«ገና አልተሰጠኝም» አልኳት።

«ካልተሰጠህ ሳህኖቼ ምን ሠርተው ነው መሬት የወረዱት?»

አንድ ረቡዕ ቀትር ላይ ጋሽ ሸክላ አንድ ቅጂ ላኩ። ሽፋን የለው፣ ስም የለው፣ ዓመት የለው። «ፒያኖ ብቻ ነው። ሙዚቃውን ታውቁታላችሁ። ማን እንደተጫወተው ግን አልናገርም። አዳምጡና የሰማችሁትን ጻፉልኝ» የሚል ነው አብሮት የመጣው።

ግሩፑ ጸጥ አለ። ለምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ሽፋን ከሌለ የሚገለበጥ ነገር የለም። እስከዚያ ቀን ድረስ የጻፍነው ምርጥ ምርጡ ሁሉ ከሽፋን ጀርባ ተነሥቶ በየቤታችን ዞሮ የመጣ ነው። አሁን ዕርቃናችንን ቀረን።

እኔ ግን አዳመጥኩ። ይህን እወቁልኝ፤ የሠራሁት ጥፋት ባለማዳመጥ አይደለም። የአንዲት አሮጊት የላይኛ መንጋጋ በእጄ ነበር፤ አስቀመጥኩት። እጄን ታጠብኩ። ጆሮ ማዳመጫዬን ሰክቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማሁ። ሙዚቃውን ጋሽ ሸክላ ቤት በአራት ሰው አጨዋወት ሰምቼዋለሁ፤ አራቱም እየቆሙ፣ እየተከዙ ነው የሚጫወቱት። ይሄኛው ግን ይቸኩላል። ቸኩሎም አይደናቀፍም። ደስ አለኝ፤ ደስታዬም እውነት ነበር። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«ይህ ሰው ፍርሃት የለውም። ሌሎቹ ቆመው የሚያለቅሱበትን ቦታ እሱ እየሮጠ ያልፈዋል፤ ከሩጫው ሥር ግን ልቅሶው ይሰማል። የሚጠብቀው ሰው እንዳለው ነው የሚጫወተው።»

ደረቴን ነፍቼ ወደ መንጋጋዬ ተመለስኩ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ የቆዳ ሐኪሙ «ትክክለኛ ምርመራ። ምቱ በደቂቃ ከመቶ ሃያ ያላነሰ። ወጣት ተጫዋች ነው፤ ይህን ፍጥነት ያረጀ ጣት አይችለውም» አለ። ጠበቃው ሙሉ በሙሉ ተስማማ። ሌላው ፍጥነቱ ራሱን እንዳዞረው መሰከረ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ፤ ፍጥነት ያላለ ሰው ጠፋ። በመጨረሻ ሾፌሯ ጻፈች፦

«አሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ነኝ፤ ተራዬ ስለደረሰ ልወጣ ነው። በጣም ቀስ ያለ ነው። አንዳንድ ቦታ ላይ ተጫዋቹ ቀጣዩን ድምፅ ፈልጎ ያጣው ይመስላል። ደግሞ ያገኘዋል። የቀረውን ስመለስ እሰማለሁ።»

ጠበቃው «እህቴ፣ ኔትወርክሽ ደክሞ ይሆናል» ብሎ መለሰላት። አሥራ አንድ ሰው የሚስቅ ፊት ለጠፈበት። አንዱ የእኔ ነው።

በዘጠኝ ሰዓት ጋሽ ሸክላ ደወሉልኝ። ድምፃቸው ቀጥኗል።

«የጻፍከውን አነበብኩት» አሉኝ።

«እንዴት አገኙት፣ ጋሼ?»

«እሑድ ጠዋት ና። ካርቶን ይዘህ ና» ብለው ዘጉት።

እንግዲህ የዚያን ዕለት እንዴት እንደሆንኩ አልነግራችሁም። ሦስት ጥርስ ገልብጬ መትከሌን ብቻ ልናገር፤ ደግነቱ ሳይወጣ ደረስኩበት።

ቅዳሜ ከሰዓት ባለቤቴ የሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ የፈተና ወረቀት ታርማለች። ድሌን የምነግረው ሰው ፈልጌ ቅጂውን ወደ ስልኳ ላክሁላትና «እስቲ ስሚው፤ ሸክላዎቹን ያስገኘልኝ ይሄ ነው። ፍጥነቱን ልብ በይ» አልኳት። ከፍታ ከጎኗ አስቀመጠችው። እኔ ካርቶን ለማምጣት ጎረቤት ካለው ሱቅ ደርሼ፣ አውርቼ፣ ተመለስኩ። ገና ይጫወታል።

«እንደገና ከፈትሽው?» አልኳት።

«አልነካሁትም። ስድስት ወረቀት አረምኩበት።»

«ፍጥነቱስ?»

ቀና ብላ አየችኝ። «የምን ፍጥነት? እኔ እንደውም ሰውየው መሃል ላይ ተነሥቶ ውሃ ጠጥቶ የተመለሰ መስሎኝ ነበር።»

ሣቅሁባት። የሙዚቃ ነገር የማይገባው ሰው ላይ የሚሣቅ የትዕግሥት ሣቅ አለች፤ እሷን ነው የሣቅሁት። ከዚያ የእኔን ስልክ ከእሷ ስልክ ጎን አስቀምጬ ሁለቱንም እኩል ከፈትኳቸው። የእኔው ስልክ የእሷን ጥሎ ሄደ። የእሷው ኋላ ቀርቶ አንድ በአንድ ይረግጣል። የስልኬን መስታወት አቅርቤ ሳየው ጥግ ላይ፣ የጥፍር ጫፍ በምታህል ቦታ፣ አንድ ነጥብ አምስት የሚል ቁጥር ተቀምጧል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አማቴ መጻፍ አይወዱም፤ በድምፅ ነው የሚልኩት። አንዱ መልእክታቸው ሃያ ደቂቃ ነው። ስለ ጉልበታቸው ይጀምሩና በጎረቤታቸው አጥር ዞረው ወደ ጉልበታቸው ይመለሳሉ። አንድ ቀን ስልኩ ድምፅ የሚያፈጥንበት ቦታ እንዳለው አንድ የሥራ ባልደረባዬ አሳየኝ፤ ድምፁን ሳያቀጥን፣ የሰውየውን ለዛ ሳይለውጥ፣ በአንድ ተኩል እጥፍ ያስኬደዋል። ነካሁት። የአማቴ ጉልበት ከዚያ ወዲህ በአሥራ ሦስት ደቂቃ ያልቃል። ስልኩ ግን አማቴንና ፒያኖን አይለይም፤ የተላከልኝን ድምፅ ሁሉ እንደ አማቴ ያስሮጥልኝ ነበር።

«እናቴን እንደዚህ ነው የምትሰማት?» አለች ባለቤቴ። ከነገሩ ሁሉ እሷን ያናደዳት ይህ ነው።

«አሁን የእናትሽ ጉዳይ ነው?»

«እና የማን ጉዳይ ነው? ከመቼ ጀምሮ?»

ቆጠርኩ። ስምንት ወር። ስምንት ወር ሙሉ ግሩፑ ላይ የተላከውን ሙዚቃ ሁሉ በአንድ ተኩል ነው የሰማሁት። ወደ ኋላ ሄጄ የጻፍኳቸውን አነበብኩ። «ደፋር ፍጥነት»፣ «ትንፋሽ የሚያሳጣ»፣ «ይህ ኦርኬስትራ አይራመድም፣ ይበርራል»። አንድ ሰው እንኳ፣ አንድ ሰው፣ «ኧረ ወንድሜ፣ እሱማ ቀርፋፋ ነው» አላለኝም። እንዲያውም በየሥሩ ተስማምተዋል። የቆዳ ሐኪሙ ባለፈው ዓመት መጨረሻ «የፍጥነት ሊቃችን» ብሎ ስም አውጥቶልኝ ነበር። ኮርቼበት ነበር።

«ነገ ትነግራቸዋለህ» አለች ባለቤቴ።

«ሸክላዎቹስ?»

«ምን ልታደርጋቸው ነው? እነሱንም በአንድ ተኩል ልታዞራቸው?»

ወደ ወረቀቷ ተመለሰች። እኔ ግን ላለመናገር ወሰንኩ። ማንንም አልጎዳሁም ብዬ ለራሴ አስረዳሁ። ሌሎቹ ጭራሽ አልሰሙም፤ እኔ ቢያንስ ሰምቻለሁ፣ በተቀላጠፈ መልኩ። እንዲህ ያለውን ክርክር ጠበቃው ቢሰማልኝ ሙሉ በሙሉ ይስማማ ነበር።

እሑድ ጠዋት ለመጀመሪያው ዙር የሚሆን አምስት ባዶ ካርቶን ታቅፌ ሦስቱን ፎቅ ወጣሁ። በሩ ክፍት ነው። ሁለት ክፍል ቤት ናት፤ ሳሎኗ ከወለል እስከ ጣሪያ ሸክላ ነው፣ መስኮቱ ብቻ ነው የተረፈው። ከመስኮቱ ሥር ፒያኖ እንደነበረ ትዝ አለኝ፤ አሁን ወለሉ ላይ አራት ጎድጓዳ ምልክትና ከሌላው ወለል የነጣ ቦታ ብቻ ቀርቷል። ጋሽ ሸክላ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው፣ ብቸኛዋ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ተነሥተው ሳሙኝ። ሲስሙኝ ጥርሳቸው በደንብ መግጠሙን ልብ አልኩ።

«ፒያኖው የት ሄደ?» አልኳቸው።

«ትናንት ወሰዱት። ባለቤቴ ታስተምርበት የነበረው ትምህርት ቤት ወሰደው።» ከዚያ አንዱን ካርቶን አንጥፌ ፊት ለፊታቸው ወለሉ ላይ እንድቀመጥ በእጃቸው አሳዩኝ። «ቅጂው ላይ የተጫወተችው እሷ ናት።»

ባለቤታቸውን አላውቃቸውም፤ እኔና እሳቸው ስንተዋወቅ ሞተው ነበር። ፒያኖ ያስተምሩ እንደነበር ብቻ ነው የሰማሁት።

«መጨረሻ ላይ ሁለት ዓመት መገጣጠሚያዋ አብጦባት ነበር» አሉ ጋሽ ሸክላ፣ የራሳቸውን ጣቶች እያሳዩኝ። «ይሄ አይታጠፍም፣ ይሄም አይታጠፍም። ግን በየቀኑ ትቀመጣለች። ይሄንኑ አንዱን ሙዚቃ። ወጣት ሳለች በአሥራ አንድ ደቂቃ ነበር የምትጨርሰው። ሰው በአሥራ ሦስት ይጫወተዋል፣ እሷ በአሥራ አንድ። መምህሯ ማን እያባረረሽ ነው ይላት ነበር። ከመሞቷ ሦስት ወር በፊት ከጣቢያው መቅጃ ተውሼ አመጣሁና እዚሁ ቀዳኋት። አሥራ ሰባት ደቂቃ ፈጀባት። ስትጨርስ ዞር ብላ ምን አለችኝ መሰለህ? ‹ዛሬም ቸኮልኩ፣ አይደል?›»

«ምን አሏት?»

«‹አዎ፣ ቸኮልሽ› አልኳት። ምን ልበላት?»

መሐረባቸውን አውጥተው መነጽራቸውን ጠረጉ።

«ስድስት ዓመት ብቻዬን ሰማሁት። እኔን የሚሰማኝ ጣቷ ነው፤ የታመመው። እሷ በልቧ የምትጫወተውን መስማት አቃተኝ። ከዚያ አንተ ጻፍክ። ‹የሚጠብቀው ሰው እንዳለው ነው የሚጫወተው› አልክ። ሌሎቹ አንተን ነው የገለበጡት፣ ያን አላጣሁትም። ሾፌሯ የሰማችው እኔ የምሰማውን ነው፤ ልክ ናት። አንተ ግን ባለቤቴ የፈለገችውን ሰማህ። አምስት ጊዜ አነበብኩት። እንዴት ሰማኸው፣ ልጄ?»

እንግዲህ መልሱ ቀላል ነበር። «እንጃ ጋሼ፣ እንዲሁ ተሰማኝ» ማለት በቂ ነው። ሰውየው ይደሰታሉ፣ እኔ ሸክላዬን ጭኜ እወርዳለሁ። አፌን ከፍቼ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ፊት ጠጋ ብለው፣ አንገታቸውን አስግገው፣ እኔ የምለውን ለመስማት ትንፋሻቸውን ያዙ። ሰው እንዲህ አድርጎ ሲያዳምጠኝ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። እዚያ ላይ ውሸቱን ማውጣት አቃተኝ።

«እኔ አልሰማሁትም፣ ጋሼ» አልኳቸው። «ስልኬ ነው የሰማው።»

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አማቴን፣ ጉልበታቸውን፣ አጥሩን፣ ቁጥሩን፣ ስምንቱን ወር። ቀና ብዬ ላያቸው ስላፈርኩ ወለሉ ላይ ያሉትን አራት ምልክቶች እያየሁ ነው የተናገርኩት። ስጨርስ ውጭ መንገድ ላይ የሆነ ሰው የመኪና ጎማ ይነፋል፤ ነፋ፣ አቆመ፣ ነፋ።

«ሸክላዎቹን ለሾፌሯ እሰጣቸዋለሁ» አሉ በመጨረሻ።

«ይገባታል።»

«ካርቶኖቹን ግን ተዋቸው። ያስፈልጓታል።»

«እሺ።»

ልሄድ ብድግ አልኩ። በዓይናቸው መልሰው አስቀመጡኝ።

«ስልክህ አሁንም እንደዚያው ነው?»

«አላስተካከልኩትም።»

«ክፈተው እስቲ።»

ከፈትኩት። የስልኬ ድምፅ ማውጫ ትንሽ ስለሆነች ትንሽ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይል ነበር። መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። መጀመሪያ ግንባራቸውን ቋጥረው ሰሙ፤ የሆነ የማያውቁት ሰው በር ያንኳኳ ይመስል። ከዚያ ግንባራቸው ተፈታ። ከዚያ ቆሙ። እንዲሁ ብድግ ብለው ከነክራቫታቸው መሃል ሳሎን ቆሙ።

«ሠላሳ ዓመቷ ነው» አሉ።

ስልኩን እንዳይጥሉት እጄን ከሥሩ ዘረጋሁ።

«ይሄውልህ፣ እዚህ ጋ ነው መምህሯ የሚቆጣት። ይሄውልህ፣ አልቆመችም፣ አለፈችው።» ሣቁ። በሣቃቸው መካከል እንባቸው ወረደ፤ አልጠረጉትም። «ያኔ ገና አልተጋባንም። እኔ መቅጃ ክፍሉ ውስጥ ነኝ፣ እሷ ከመስታወቱ ማዶ። ጨርሳ ነው የምትነሣው፣ ኮቷን እየለበሰች ነው የምትወጣው። እሷ ናት። እሷው ራሷ ናት።»

በአሥራ አንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ አለቀ። ዘንድሮ የሠራሁት ብቸኛው ጠቃሚ ነገር በስህተት የሠራሁት ነው ማለት ነው። እንደገና እንድከፍትላቸው ጠየቁኝ፤ ከፈትኩላቸው። ሁለተኛው ሲያልቅ ቁጥሩ የት ጋ እንደሚነካ አሳየኋቸው፤ አንድ፣ አንድ ነጥብ አምስት፣ ሁለት። ሁለት የሚለውን አልፈለጉትም።

«ጋሼ» አልኳቸው ያኔ፣ «አንድ ጊዜ በራሱ ፍጥነት ልስማው? እኔ እኮ እስካሁን አልሰማሁትም።»

ፈቃደኛ አልነበሩም፤ ፊታቸው ላይ አየሁት። ቢሆንም ቁጥሩን ወደ አንድ መልሰው ስልኩን ሰጡኝና ወደ መስኮቱ ዞሩ።

አሥራ ሰባት ደቂቃ ሰማሁ። ሾፌሯ እንዳለችው ነው። ሴትዮዋ ቀጣዩን ድምፅ ትፈልጋለች፤ ያለችበት ድምፅ እየሞተ፣ ቀጣዩ አልመጣም፣ አሁንም አልመጣም፣ አቃታት ስትሉ ይመጣል። የመጣውም ልክ የሚገባበት ቦታ ላይ ነው የሚያርፈው። የወንበሩ ሲጥሲጥታ አለ። ከመቅጃው አጠገብ የሆነ ወንድ ሲተነፍስ ይሰማል፤ እሷ ስትዘገይ እሱም ትንፋሹን ይይዛል፣ ስታገኘው ይለቀዋል። ይህ በአንድ ተኩል ሲሰሙት የለም፤ ስልኬ ውጦታል። ሲያልቅ፣ ረቡዕ ዕለት ልብ ሳልለው ያለፍኩት ሹክሹክታ አለ፤ አንድ የሴት ድምፅ የሆነ ነገር ጠየቀ፣ አንድ የወንድ ድምፅ መለሰ፤ ምን እንደተባባሉ አሁን አውቃለሁ። የሚለጠፍ ነገር አልመጣልኝም። ሁለት መስመር፣ ሦስት መስመር፣ ምንም።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «ዘገምተኛው ይበልጣል።»

ከመስኮቱ ዞረው አዩኝ። የተቆጡ አይመስሉም።

«ላንተ ነዋ» አሉኝ። «አንተ አላገባሃትም።»

ከዚያ ስልኬን ከእጄ ወስደው፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው፣ ያችን ትንሽ ቁጥር በጣታቸው ጫፍ ፈልገው ነኩና እንደገና ከመጀመሪያው ከፈቱት።